ከበሮ ወይስ ድራም፣ ቲክቶክ ወይስ ዩቱብ? በቪዲዮ ሥራ ለሚፈልግ የጎንደር መቺ

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ከበሮውን በጋቢ ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። ዝናቡ ገና አላባራም። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እጁ ግን ከዕድሜው ይቀድማል። ቡና እየተፈላ ስለነበር ቁጭ አለ። አቦሉን እንደጨረሰ «ጋሼ፣ ቲክቶክ ይሻላል ዩቱብ?» አለኝ።

እኔ ድራም ይዤ ሰርግና ሆቴል ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ቪዲዮ መልቀቅ ከጀመርኩ ስድስት። ልጁ በአንድ ቃል የምመልስለት መስሎታል። «መጀመሪያ ማን እንዲደውልልህ ነው የምትፈልገው?» አልኩት። አየኝ። ጥያቄ ይዞ መጥቶ በጥያቄ ተመለሰ።

እስከ በረካ ድረስ አወራን። ያወራነውን ትንሽ ሰፋ አድርጌ እነሆ።

ማን ይደውል?

ሁላችንም ቪው እንቆጥራለን። እኔም ቆጥሬያለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ማራኪ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ጣራ ላይ ድራሜን አውጥቼ አንድ የታወቀ ዘፈን አጀብኩ። ከኋላዬ ከተማው ይታያል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ቪዲዮው እንደ ጉድ ታየ። ሦስት ቀን ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። ስንት ሰው ደወለ? አንድ። እሱም ጣራውን ማን እንደሠራው ሊጠይቀኝ ነው።

ሁለት ወር ቆይቼ ሌላ ለቀቅኩ። ፊቴ የለበትም። ሁለት እጅና አንድ ከበሮ ብቻ። ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት እንዴት እንደሚመታ ቀስ ብዬ አሳየሁ። ያየው ሰው የመጀመሪያውን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ግን ከአዘዞ ሁለት ሰርገኞች፣ ከባሕር ዳር አንድ ባንድ፣ ከእስራኤል ሐይፋ ደግሞ ልጇን ማስተማር የምትፈልግ እናት ደወሉ። ከዚያ ወዲህ ቪው ትቼ ስልክ መቁጠር ጀመርኩ።

የፈረንጆቹም ታሪክ ጠጋ ብለው ሲያዩት እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ሉክ ሆላንድ የሰው ዘፈን በድራም እያጀበ ዩቱብ ላይ ይለቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዘ ወርድ አላይቭ የሚባል ባንድ ወሰደው። አውስትራሊያዊው ማት ማክጓየርም በዩቱብ ቪዲዮው ታውቆ ነው ዘ ቼይንስሞከርስ ከሚባሉት ሙዚቀኞች ጋር ዓለምን የዞረው። እንግሊዛዊቷ ናንዲ ቡሼል በ2020 የፉ ፋይተርስ ባንድ መሪ የሆነውን ዴቭ ግሮልን በቪዲዮ ለድራም ፍልሚያ ጋበዘችው፤ በዓመቱ ነሐሴ ላይ ሎስ አንጀለስ ከባንዱ ጋር መድረክ ላይ መታች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሦስቱንም በር የከፈተላቸው ቪዲዮ ነው። ከበሩ ወዲያ ግን የጠራቸው ሰው አለ።

እኛ ጋ የሚደውለው ሦስት ዓይነት ሰው ነው። ሰርገኛ፣ ባንድ፣ ተማሪ። ሰርገኛው የእናንተን ችሎታ ብዙም አያይም። እሱ የሚያየው ድንኳኑ ውስጥ ያሉት አክስቶች ተነስተው ትከሻቸውን መምታታቸውን ነው። ባንዱ ሌላ ነው። የባንድ መሪ ቪዲዮ ሲያይ ልጁ ሪትም ይጠብቃል ወይ፣ ድምፃዊው ሲገባ ዝቅ ማለት ያውቃል ወይ ብሎ ነው። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሲምባል፣ ያንን የብረት ሳህን፣ የሚደበድብ ሰው ያስፈራዋል። ተማሪ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ያለ ሰው፣ እጃችሁንና አንደበታችሁን አብሮ ይመዝናል። ማስረዳት ትችላላችሁ ወይ?

እንግዲህ ከሦስቱ አንዱን ምረጡ። ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት። ሁሉንም ልጥራ ያለ ማንንም አይጠራም።

ምን ይዞ መውጣት ይሻላል?

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። ድራምም ያው ነው። ልዩነቱ ድራም የሚመታ ሰው ዓለም ላይ እንደ አሸዋ መብዛቱ ነው። ስፔናዊው ድራመር ኤል ኤስቴፓሪዮ ሲቤሪያኖ በአንድ እጁ የሚመታውን እኔ በሁለት እጄ አልደርስበትም። ከእሱ ጋር በፍጥነት እወዳደራለሁ የሚል ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

ከበሮን ግን በቅርብ አሳይቶ፣ መዳፍ የት ጣት የት እንደሚያርፍ ነግሮ፣ በጥርት ድምፅ የሚለቅ ሰው ጥቂት ነው። ችክችካን እዩት። በስድስት ይቆጠራል፣ በሁለት ይረገጣል። ፈረንጅ ድራመር መጀመሪያ ሲሰማው ወደ ሦስት ያዞረውና ዋልትዝ፣ የፈረንጅ ዳንስ ምት፣ ያደርገዋል። እኛ በእናታችን ጀርባ ታዝለን የሰማነው ነገር ስለሆነ እግራችን ሳንጠራው ይገባበታል። ይህንን ማስረዳት የሚችል ጎንደሬ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው።

የድራም ጥቅም ግልጽ ነው። በባንድ ቋሚ ሥራ የሚገኘው በእሱ ነው። ሆቴልም የምሽት ክበብም ከበሮ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው በወር አይቀጥርም። ጉዳቱ ዋጋውና ድምፁ ነው። አምስት ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ስኔር (ጯሂውን ትንሽ ድራም) መምታት ጠብ መፈለግ ነው። እኔን አንዲት አከራይ «ልጄ፣ ወይ እሱ ይውጣ ወይ አንተ» ብለውኛል። ሁለታችንም ወጣን።

የኤሌክትሪክ ድራም ይህንን ችግር ይፈታል። ጎማው ላይ ትመታላችሁ፣ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ይመጣል፣ በገመድ በቀጥታ ይቀረጻል። ጎረቤት ይተኛል። ግን መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ደግሞ ካሜራ አይወደውም። ጎማ የሚመታ ሰው ሲያዩት እንጀራ የሚጋግር ይመስላል እንጂ ደም አያሞቅም። ለልምምድ ከሆነ ግዙት። ለቪዲዮ ብላችሁ አትበደሩ።

የእኔ ምርጫ? ገንዘብ ለሌለው ጀማሪ ከበሮ ይቅደም። ድራም ያለው ደግሞ ከበሮውን ከጎኑ ያቁም። ቀኝ እጅ ሃይ ሃት (ጥንዶቹ ሲምባሎች) ላይ፣ ግራ እጅ ከበሮ ላይ ሲሆን ያ ቪዲዮ ከሌላ አገር ሊመጣ እንደማይችል ማንም ያውቃል።

እዚህ ላይ ለሴቶች አንድ ነገር ልበል። የእኛ አገር የሰርግ ከበሮ ያለው በሴቶች እጅ ነው። አክስቶቻችን፣ እህቶቻችን ናቸው ሌሊቱን የሚያነጉት። ኢንተርኔት ላይ ግን እጁን አጉልቶ የሚያሳየው ወንዱ ነው። እህቴ ከእኔ የተሻለ ትመታለች። ስልክ ፊት ላቁምሽ ስላት ግን «ሂድ ወዲያ» ትላለች። ይህንን የምታነቢ እህታለም፣ አንቺ ብትጀምሪ ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ከዚህ ሁሉ ለዩት። ሰፊው አፉ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ፣ ጠፍሩም የጌታ ግርፋት ሰንበር ምሳሌ ነው ተብሎ የተማርንበት ንዋየ ቅድሳት ነው። ወረብ ላይ ያለን መዘምር አጉልቶ ቀርጾ የራስ ማስታወቂያ ማድረግ ያስነቅፋል፤ ቢያስነቅፍም ተገቢ ነው። አንዳንዱ ያደርገዋል። እናንተ አታድርጉት። መንፈሳዊ ዝማሬ የምትለቁ ከሆነ ለብቻው ቻናል ክፈቱለት፤ ከእስክስታ ጋር አትደባልቁት።

አንድ የእጅ ሥራ ጉዳይ ደግሞ አለ። ያን ቀን ልጁ ከበሮውን ከጋቢው ፈትቶ ሲመታልኝ ድምፁ እርጥብ ቁርበት መሰለ። ክረምት ቆዳውን ያላላዋል። እሱ ቀርጾ ሊለቀው ነበር። ከምጣዱ ማዶ፣ ከእሳቱ ክንድ ያህል ራቅ አድርገን አቆምነው። እያዞርን ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። በጣቱ ሲነካው «ታ» አለ፤ ጥርት ያለች። «ይኼ የእኔ ነው?» ብሎ ሳቀ። ወደ እሳቱ አብዝቶ ማስጠጋት ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ፀሐይ ካለ ፀሐይ ይሻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም የምትቀርጹ ከሆነ ይህንን ሳታደርጉ ካሜራ አትክፈቱ።

ቲክቶክ፣ ዩቱብ፣ ቴሌግራም

ቲክቶክ ፈጣን ነው። ዛሬ ለቃችሁ ዛሬ ማታ የማያውቃችሁ ሰው ያያችኋል። አምስት ተከታይ ላለው ሰውም ዕድል ይሰጣል። ለሰርግ ሥራ ግሩም ነው፣ ምክንያቱም የሙሽራው ጓደኞች ያሉት እዚያ ነው። ችግሩ ነገ መረሳቱ ነው። ከዓመት በፊት የለቀቃችሁትን ፈልጎ የሚያገኘው ጥቂት ነው። በቪው ብዛት የሚከፍልበት ፕሮግራሙም ለተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ላይቭ (ቀጥታ ሥርጭት) ገብቶ ጊፍት፣ ተመልካች የሚልከውን ስጦታ፣ መሰብሰብ አለ። ዕድሜ 18 መሙላት ይጠይቃል፣ አብዛኛውን ጊዜም 1,000 ተከታይ። ከጊፍቱ ላይ መድረኩ ትልቅ ድርሻ ያነሳል። ሌሊቱን «አንበሳ ላኩልኝ» እያሉ ማደር ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። የከበሮ ሙያ አይደለም። የሚችሉበት አሉ፣ አልፈርድም፤ ጠዋት ልምምድ ላይ ግን አይገኙም።

ዩቱብ ዘገምተኛ ነው። የመጀመሪያው ስድስት ወር ምድረ በዳ ላይ የመደለቅ ያህል ነው። ግን ጎተራ ነው። አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ «የጎንደር ከበሮ አመታት» ብሎ ሲፈልግ ያገኛችኋል። ርዕሱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት፤ ውጭ አገር የተወለዱት ልጆች የሚፈልጉት በእንግሊዝኛ ነው።

ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ያኔ በየቀኑ በመልቀቅ የሚኖሩ የቲክቶክ ልጆች ጠፉ። ሲመለሱ እንደ አዲስ ጀመሩ። ዩቱብ ላይ ያስቀመጥኳቸው አሥራ አራት ቪዲዮዎች ግን እኔ በሌለሁበት ሲታዩ ነበር። ያዩአቸው ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። መስመሩ ሲከፈት ሁለት የትምህርት ጥያቄ ጠበቀኝ። ለእኔ ከተማ፣ ሳልኖር የሚሠራልኝ መድረክ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

የዩቱብን የማስታወቂያ ገንዘብ ግን ከሩቅ እዩት። ለመግባት 1,000 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል። በላዩ ላይ በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት፣ ወይም ደግሞ ሾርትስ የሚባሉት አጫጭሮቹ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ጊዜ መታየት። አራት ሺውን ሰዓት እናስላው። 240,000 ደቂቃ ነው። ቪዲዮዎቻችሁ ሦስት ሦስት ደቂቃ ከሆኑና ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው ቢያይ 80,000 ጊዜ መታየት አለባቸው። ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው አያይም። ግማሹን ካየ 160,000። ከዚያም በኋላ ሂሳቡ 100 ዶላር ካልሞላ አይከፈልም። ክፍያው የትኞቹ አገሮች ላይ እንደሚሠራ ዩቱብ ራሱ ዝርዝር ያወጣል፤ ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት እሱን ክፈቱ። በውጭ አገር ዘመድ ስም ቻናል ከፍቶ ኋላ በገንዘቡ የተጣላ ቤተሰብ አውቃለሁ። ገንዘቡ ደግሞ የሚያጣላ ያህል እንኳ አልነበረም።

ቴሌግራምን ብዙዎች ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። አዲስ ሰው አያመጣም፣ ይህ እውነት ነው። ግን የሰርግ ሥራ እዚህ አገር የሚያልቀው እዚያ ነው። የሙሽራው ወንድም «እስቲ ሥራህን ላክ» ሲላችሁ ሊንክ መላክ አያዋጣም፤ ዳታው ያልቅበታል ወይም አይከፍተውም። ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል ይኑራችሁ፦ ሦስት ቪዲዮ፣ ስልክ ቁጥር፣ በቃ። እሱ ለሙሽራዋ እናት ያስተላልፈዋል፤ እሷ ለእህቷ። በአንድ ምሽት ጉባኤው ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ፌስቡክ ትልልቆቹ ያሉበት ነው፤ ቴሌግራም ላይ ያለውን እዚያም ጣሉት። ኢንስታግራም ለአዲስ አበባ ባንዶች ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ጊዜ አልሰጣቸውም።

ስለዚህ ሰርግ የምትፈልጉ ቲክቶክንና ቴሌግራምን ያዙ። ተማሪ የምትፈልጉ ዩቱብን። ባንድ የምትፈልጉ ደግሞ ዩቱብ ላይ አራት ንጹሕ ቪዲዮ አስቀምጡና ሊንኩን ለባንድ መሪዎች ራሳችሁ ላኩ። እስኪያገኟችሁ አትጠብቁ።

ስለ ዳታም ልንገራችሁ። በ1080 የምስል ጥራት የተቀረጸ አንድ ደቂቃ እንደ ስልኩ አቀራረጽ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይመዝናል። ከዚያ በላይ በሆነው ጥራት፣ በፎር ኬ፣ ከሆነ ከ170 እስከ 350። አምስት ደቂቃ በፎር ኬ መጫን የወር ጥቅላችሁን ሊበላ ይችላል። ሰዉ የሚያየው በስልክ ነው፤ 1080 ከበቂ በላይ ነው።

የሰው ዘፈን ወይስ የራስ?

የታወቀ ዘፈን ማጀብ ሰው ያመጣል። ዘፈኑን የሚወድ ሁሉ ይመጣል። ግን ዩቱብ ዘፈኑን በራሱ ለይቶ ያውቀዋል። ባለመብቱ ቪዲዮውን ሊያሳግድ፣ ወይም ማስታወቂያ ለጥፎበት ገንዘቡን ራሱ ሊወስድ ይችላል። ቻናሌ አንዴ እንዲህ ተመትቷል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ሳስበው ግን ዘፈኑ የእኔ አይደለም። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የአቀናባሪውንም የድምፃዊውንም መብት ይጠብቃል። በዚያው አዋጅ እናንተም ተጫዋች ናችሁና መብት አላችሁ። ቪዲዮአችሁን ማንም አንስቶ የራሱ ማስታወቂያ ላይ ቢለጥፍ ዝም አትበሉ።

የራሳችሁ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ከማሲንቆ ተጫዋች ጋር አንድ ወጥ ዜማ ላይ መጫወት፣ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ጎንደር ውስጥ አዝማሪ አይጠፋም። አንዱን ጋብዙ፣ ድካሙን ክፈሉ፣ ስሙን ጻፉለት። እሱም ለራሱ ሰዎች ያሳየዋል። እኔ ከሠራኋቸው ሁሉ ባንዶች የወደዱት ይህን ዓይነቱን ነው፤ ከሰው ጋር ስትጫወቱ እንዴት እንደምትሰሙ ያሳያልና።

ሦስተኛው መንገድ ማስተማር ነው። «ችክችካ በሦስት ደቂቃ»፣ «የከበሮ ቆዳ አወጣጠር»፣ «ግራ እጅ ሲደክም» የሚሉ ቪዲዮዎች። ሽር ጉድ የላቸውም፣ ቫይራል አይሆኑም። ግን ዋሽንግተን ወይም እስራኤል ያለ የጎንደር ሰው ልጁን ይዞ የሚያየው እነዚህን ነው። ከጎንደርና ከአካባቢዋ ወደ እስራኤል የሄደው ቤተ እስራኤል ብዙ ነው፤ ሰርጋቸው ላይ ዛሬም እስክስታ አለ። በሳምንት ሁለት የኦንላይን ተማሪ ከያዛችሁ የሆቴል ሥራ ሲቀዘቅዝ አትደነግጡም። የምትለቁበትንም ሰዓት አስቡ። ማታ 2 ሰዓት ስትለቁ እስራኤል ያለው ሰው ከሥራ ገብቶ አረፍ ብሏል። ዋሽንግተን ደግሞ ከቀኑ 6 ወይም 7 ሰዓት፣ የምሳ እረፍት ላይ ነው።

እኔ ብመከር ከሦስት ሁለቱን የማስተማሪያ፣ አንዱን የጨዋታ አደርጋለሁ። የሰው ዘፈን በዓመት አንዴ፣ ለበዓል።

ካሜራ ወይስ ማይክ?

ማይክ። ጥያቄው ራሱ አያከራክርም። ሰው ብዥ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የሚንጫጫ ድምፅ አይታገሥም።

ስልክ ከበሮን የሚቀርጸው በፍርሃት ነው። ሰፊውን አፍ ስትመቱ ድምፁን አፍኖ ያወርደዋል፣ ቀጥሎ ያለው ለስላሳ ምት ይጠፋል። ስለዚህ ስልኩን ከሰፊው አፍ ፊት አታቁሙት። ከጠባቡ በኩል፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርጉት። ሌላም ምክንያት አለው። ተመልካቹ የሚሰማው በስልኩ ትንሽ ስፒከር ነው፤ ስፒከሩ ወፍራሙን «ዱም» አያወጣውም። የሚሰማው የጣቷ «ታ» ናት። እሷ ካልጠራች ቪዲዮው ባዶ ነው።

ሁለተኛ ስልክ ካለ ከበሮው አጠገብ ድምፅ ብቻ ይቅረጽ። ስትጀምሩ አንዴ አጨብጭቡ፤ ኋላ ሁለቱን የምታገጣጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው። ስልኮቹን የበረራ ሞድ ላይ አድርጉ። በሕይወቴ ምርጡን ችክችካ የመታሁት እናቴ «በርበሬው ተፈጨ ወይ?» ብላ በደወለችበት ደቂቃ ነው፤ ቀረጻው እዚያ ላይ ተቋርጧል። በብሉቱዝ ማዳመጫ ሜትሮኖም (የምት መቁጠሪያ) እየሰማችሁም አትምቱ። ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳችኋል፣ እናንተም ዘግይታችሁ ትመታላችሁ። የገመዱ ይሻላል።

ቤቱስ? የብሎኬት ቤት ሴራሚክ ከተነጠፈበት ድምፁ ዋሻ ይሆናል። ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁሙ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። የጭቃ ቤት ካላችሁ ግን አትልፉ። አያቴ ቤት ውስጥ የቀረጽኩትን ሰምቶ አንድ የአዲስ አበባ ሰው የትኛው ስቱዲዮ እንደሆነ ጠይቆኛል። ግድግዳው ጭድና ጭቃ ነው፣ ወለሉ ላይ ቁርበት ተነጥፏል። ስቱዲዮው ይኸው ነው።

ለምስሉ የቀን ብርሃን ይበቃል፤ መስኮቱ ከጎናችሁ ይሁን። በመብራት ስትቀርጹ ምስሉ ብልጭ ድርግም የሚለው የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ስልኩ 25 ወይም 50 ፍሬም የሚል ምርጫ ካለው እሱን ያዙ። የፋሲል ግንብ ውስጥ ወይም ፋሲል መዋኛ ካሜራና ከበሮ ዘርግታችሁ መቅረጽ ካማራችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ደርሶ መባረር የሚያሳፍር ነው፤ ቱሪስቱ ቆሞ ያያል።

መቼ?

የጎንደር መቺ ዓመቱን የሚቆጥረው በጾምና በሰርግ ነው። ጥር ከጥምቀት በኋላ ይፈነዳል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሚያዝያና ግንቦት ሁለተኛው ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰርግ የለም፣ አዝማሪ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ብዙ ልጆች ያኔ ከበሯቸውን ሰቅለው ይቀመጣሉ። እኔ የምቀርጸው ያኔ ነው። አሥር አሥራ ሁለት ቪዲዮ አዘጋጅቼ አስቀምጣለሁ። የጭፈራውን ግን በጾም አልለቅም። አንዴ ስቅለት ሳምንት ለቅቄ የተሰደብኩት ስድብ እስካሁን ይሰማኛል። በጾም የማስተማሪያውን ብቻ ልቀቁ።

የሰርግ መቺ ደግሞ ቤተሰቡ የሚመርጠው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሆነ ለሰርግ የሚሆነውን ቪዲዮ ከዚያ በፊት ልቀቁ። ጥር ላይ የለቀቃችሁት ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ጥምቀት የሚመጣው እንግዳም ብዙ ነው፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ዓለም በዓይኑ ያውቀዋል። በዚያ ሰሞን ቪዲዮአችሁ ላይ ጎንደር የሚል ስም ይኑር።

ልጁ ከበሮውን መረጠ። አያቱ ቤት ቀረጸ፤ ያው ጭቃ ቤት ነው። ዩቱብ ላይ አራት ማስተማሪያ አስቀመጠ፣ ከእነሱ እየቆረጠ ቲክቶክ ላይ ጣለ፣ ቴሌግራም ላይ ስልኩን ጻፈ። መስከረምና ጥቅምት ማንም አልደወለም። በየሳምንቱ እየመጣ ፊቱን ያሳየኛል፤ እኔም ቡና አፈላለታለሁ። ኅዳር ማብቂያ ላይ በሌሊት ደወለ።

«ጋሼ፣ የጥር 14 ሰርገኞች ናቸው። አምጣ ያሉት ከበሮውን ብቻ ነው። ቀብድ ስንት ልበላቸው?»

«ግማሹን በል» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

«ግማሹ ስንት ነው?»